በአሥራ አንድ ዓመት የሚበላለጡ መንታዎች

ጥቅምት 9

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። እኛ ሁላችንም በመጠኑ ደህና ነን። «በመጠኑ» የሚለውን ያስገቡት አባባ ናቸው። «ደህና ነን ብቻ ካልሻት አታምንም፤ ነርስነት የምትማር ልጅ መጀመሪያ የሚያስተምሯት መጠራጠር ነው» አሉ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። ደውዬ ብነግርሽ ይቀል ነበር። ግን ታውቂኛለሽ፣ ስልክ ሳነሳ ቃል ይጠፋኛል። አንቺ «ሃሎ? ሃሎ?» ትያለሽ፣ እኔ እተነፍሳለሁ። ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት «ሃሎ» አይልም።

አዎ፣ አባባም ወንድማቸውም ሐኪም ቤት ሄደው ታይተዋል። ለዕረፍት መጥተሽ የሁለቱንም የእጅ አንጓ ይዘሽ ምታቸውን ስትቆጥሪ ፊትሽ የተለወጠበትን ቀን አልረሳሁትም፤ ለዚህ ነው እምቢ ሲሉ ያልተውኳቸው። አባባ መጋረጃ የሚስቡበት ቴአትር ቤት በሚዘጋበት በሰኞ ሄዱ። ወንድማቸው «እኔ ሰኞ አይቀናኝም» ብለው ሐሙስን መረጡ። ሁለቱንም ያጀብኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ወንድማቸውን «ስምዎ?» ስትላቸው «መንታው» አሏት፤ ሰፈሩ የሚጠራቸው በዚያ ነዋ። «የማን መንታ?» አለች። «እኔ የማንም አይደለሁም፤ እሱ ነው የኔ መንታ» ብለው ብቻቸውን ሳቁ።

የተባሉት አንድ ነገር ነው፤ የልብ ምት መዛባት። የተሰጣቸው ግን አንድ አይደለም። መንታውን ያየቻቸው ዶክተር ጸጉሯ የሸበተ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። «ሰባ አምስት ሞልተዋል፣ ስለዚህ ይህን ደም የሚያቀጥን ኪኒን ጠዋትና ማታ ሳያቋርጡ ይውሰዱ» አለቻቸው። አባባን ያየው ሰኞ የነበረው ወጣት ሐኪም ነው። «ግፊት የለብዎ፣ ስኳር የለብዎ፣ ዕድሜዎም ገና ስድሳ አራት ነው። ለጊዜው ኪኒን አያስፈልግዎም፤ እየመጡ ይታዩ» አላቸው። ስድሳ አራት ሲል አባባ ጣሪያውን አዩ። እኔም ጣሪያውን አየሁ። ምንም አልነበረበትም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ዶክተሯ በጆሮዋ የምታስገባውን ማዳመጫ አውልቃ «መስማት ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። እታለም፣ ትዕይንት ሊጀመር ሲል ከመጋረጃው ጀርባ የሚሰማውን ኮቴ ታውቂዋለሽ? አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይቆማል፣ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ጸጥ ይላል፣ ደግሞ ሁሉም በአንዴ ይሮጣሉ። የመንታው ደረት ውስጥ የሰማሁት ያንን ነው። ሊጀመር ነው ሊጀመር ነው የሚል፣ ግን የማይጀመር ነገር። በዚያ ሁሉ ትርምስ መሐል ሰውየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያወዛውዛሉ።

እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያልገባኝን በሌላኛው ወረቀት ጽፌልሻለሁ፤ እንዳትስቂብኝ።

እህትሽ


ጥቅምት 25

ጥላዬ፣

«ጥላዬ አትበይኝ፣ አድጌያለሁ» ብለሻል። ይቅርታ፣ አልተውም። ከኋላዬ እየተከተልሽ ላደግሽ ልጅ ሌላ ስም አላገኘሁም።

አልሳቅሁም። ደሙ እስከሄደ ድረስ ልብ ብትሮጥስ ብታነክስስ ምን አለበት ማለትሽ ልክ ነው፤ እኔም ክፍል ውስጥ ልጠይቅ ፈልጌ ያፈርኩበት ነው። ልብ ላይኛና ታችኛ ክፍል አላት። የላይኛው ሥራ ደሙን በአንድ ሳብ ወደ ታች ማውረድ ነው፤ አባባ መጋረጃውን እንደሚስቡት፣ በአንድ ትንፋሽ። በዚህ ሕመም ግን ሳቢው ሄዶ መስኮት ክፍት የቀረ ይመስል ግድግዳው ይርገበገባል እንጂ አይሳብም። ከላይ በግራ በኩል ደግሞ እንደ ጆሮ የታጠፈች ትንሽ ኪስ አለች። ደም እዚያ ሲገባ የሚገፋው ያጣና ይቆማል። የቆመ ደም ይረጋል። ያ የረጋው አንድ ቀን ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ የሚባለው እሱ ነው። አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይወድቃል፣ ቃል ይጠፋል።

ወጣትንም ሊያገኝ ይችላል። ግን ዕድሜ ሲጨምር አደጋው እየከበደ ነው የሚሄደው። በዓመታት ብዛት ያ ክፍል ይለጠጣል፣ ግድግዳው ይደርቃል፣ የደም ሥሩ ይሻክራል፣ ደሙም ለመርጋት ይቸኩላል። ስለዚህ ሐኪሞች ሲመዝኑ ስድሳ አምስት ለሞላው አንድ ነጥብ፣ ሰባ አምስት ለሞላው ሁለት ይሰጣሉ። ግፊትና ስኳር የየራሳቸው ነጥብ አላቸው፤ ዕድሜ ግን ሌላ ምንም ሳይጨመርበት ብቻውን ሁለት ይሸከማል፤ ሁለት ደግሞ ኪኒን ለመጀመር ይበቃል። መጀመሪያ ስሰማ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ሰው ምንም ሳያጠፋ፣ በመኖሩ ብቻ! «ታዲያ ለሁሉም ለምን አይሰጡም?» እንዳትይኝ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ማድማትም ይችላል። ለዚህ ነው የሚመዘነው።

አሁን ወደ ጣሪያው እንመለስ። ወንድማቸው ሰባ አምስት ሞልቷቸው አባባ ስድሳ አራት ከሆኑ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እናታቸው ሆድ ውስጥ ምን ሲሠሩ ቆዩ? ጠይቂልኝ። እንደምታፍሪ አውቃለሁ። ግን ጠይቂ። ይህ ቀልድ አይደለም።

እታለምሽ


ኅዳር 6

ለእታለም፣

እንዴት ነሽ? ብርዱ እኛ ጋ ጀምሯል፤ አልባሳት ክፍል ውስጥ የንጉሥ ካባ ደርቤ ነው የምሰፋው። ማንም አያየኝም።

ጠየቅኋቸው። መሰላሉን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። አባባ ላይ ከመዘውሮቹ አጠገብ ቁጭ ብለው ገመድ ሰም ይቀባሉ። ከዚያ ላይ መድረኩ ትንሽ ነው፤ ተዋንያኑ መሐል ራሳቸው ብቻ ይታያል።

«አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አልኩ።

«የትኛው?» አሉ።

«ስንት አለዎት?»

«አንድ የእናቴ አለ፣ አንድ የቴአትር ቤቱ አለ።» ከዚያ ሰሙን አስቀመጡ። ሥራ ፍለጋ እዚህ በር ሲቆሙ ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። በሩ ላይ የነበረው ሰውዬ «ገመድ ጉልበት ይፈልጋል፤ ከሠላሳ በላይ አንቀጥርም» አላቸው። «እኔም ጎንበስ ብዬ አሥራ አንድ ዓመት አራገፍኩ» አሉኝ። «የአሸዋው ከረጢት በገመዱ ሲወርድ የጀርባው ሸራ ሽቅብ እንደሚሄደው፣ እኔም ቀለል ብዬ ወጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወረድኩም።»

በስድሳ አምስት ያሰናብታሉ። በወረቀቱ ጥቂት ወራት ቀርቷቸዋል። «እነዚህን ወራት አትንፈጊኝ» አሉ። «ወርጄ እንደ ወንድሜ ደጃፍ ላይ ጃንጥላ ልጠግን? ዝናብ ካልዘነበ ሥራ የለው፤ ከዘነበ ደግሞ ደጅ መቀመጥ የለ!»

ነጥቡን ነገርኳቸው። «ሁለት ነጥብ አለዎት፣ እታለም ናት ያለችው» አልኩ። «ለእሷ ሁለት ልሁን፤ ለቢሮው ስድሳ አራት ነኝ» አሉ። ደምዎ ወረቀት አያነብም ልላቸው ይገባኝ ነበር። መልሱ የመጣልኝ ግን መሰላሉን ከወረድኩ በኋላ ነው። የኔ መልስ ሁሌም እንደ ደብዳቤ ነው፣ ዘግይቶ ይደርሳል። ለቢሮው እንዳልናገር አስምለውኛል። ለአንቺ አትጻፊ ግን አላሉኝም።

አይዞሽ፣ ብዙ አታስቢ። መንታው ዘዴ አግኝተዋል። ያየሁትን ስነግርሽ አንቺም ትደነቂያለሽ። ጠዋት ሻይ ስናፈላ መንታው ኪኒናቸውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩና «ያንን መቀስሽን ስጪኝ» አሉኝ። ለወፍራም ጨርቅ የሚሆነውን ትልቁን። ኪኒኗን መሐሏ ላይ ቆረጡና ግማሿን ወደ አባባ ገፏት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አባባ።

«ድርሻህ።»

«ሐኪሙ አያስፈልግህም ብሎኛል።»

«ሐኪሙ መቼ ከእኛ ጋር ተወለደ? እናታችን ሆድ ውስጥ ያችን ጠባብ ቦታ ተካፍለን የኖርን ሰዎች ዛሬ አንዲት ኪኒን ያቅተናል?»

አባባ ግማሿን አገላብጠው አዩና «ትልቁን ግማሽ ለራስህ አስቀረህ» አሉ።

«አንተ ወጣት ነህ፤ ምን ያደርግልሃል!»

በየቀኑ ጠዋትና ማታ እንዲህ ናቸው። አንድ ጊዜ ይቆርጣሉ፣ አንድ ጊዜ ይውጣሉ፣ አንድ ጊዜ ሻዩን ፉት ይላሉ። በር ላይ ቆሜ ሳያቸው ሰውነቴን ይወረኛል። ሁለት ሰው አንድ መድኃኒት ሲውጥ አይቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ምን ያህል እንደሚዋደዱ ያየሁት አሁን ይመስለኛል።

ወረቀቱ አለቀብኝ። ራስሽን ጠብቂ።

እህትሽ


ኅዳር 18

ለእታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ትምህርቱስ? ጓደኞችሽስ? ያ የሚያንኳኳው የክፍልሽ መስኮት ተሠራ? እኛ ደህና ነን።

ቴአትር ቤቱ በቀደም ትልቁን መጋረጃ አውርዶ፣ አጽድቶ መልሶ ሰቀለው። ቀይ ይመስለኝ ነበር፤ አቧራው ሲራገፍ ለካ ከዚያም የጠለቀ ነው። እጥፋቱ ውስጥ የድሮ ቁልፎች፣ አንድ የሴት ጓንት፣ አንድ የውሸት ጺም ተገኘ። ይህን ብነግርሽ ትስቂ ይሆናል ብዬ ነው።

መንታው እንዴት ናቸው ብትዪኝ፣ ደህና ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ምግብ በአንድ በኩል ነው የሚያላምጡት። ዕረፍት ላይ ናቸው። አባባ ሰሞኑን ሥራ አልገቡም፤ መጋረጃውን ሌላ ሰው ነው የሚስበው፤ ሲዘጋ እየተንቀጠቀጠ ነው አሉ።

ይህን የምጽፍልሽ ቤት ሆኜ አይደለም። ወለሉ በመድኃኒት የታጠበ ረጅም ኮሪደር ላይ ነኝ። ለምን እንደሆነ አባባ አሁን አትጻፊላት ብለውኛል፣ ፈተና አለባት ብለው። ይቅር በዪኝ። ደህና ናቸው ያልኩሽ ውሸት አይደለም፤ በመጠኑ ነው።

እህትሽ


ኅዳር 20

ጥላዬ፣

ሰላምታውን በኋላ እሰጥሻለሁ። የኅዳር 6 ደብዳቤሽ ፖስታ ቤት ተኝቶ ዛሬ ነው የደረሰኝ።

መቀሱን ደብቂ። ዛሬውኑ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ። ኪኒን እንደ ዳቦ አይደለም። ዳቦ ለሁለት ቢቆረጥ ሁለቱም ግማሽ ይጠግባሉ። ይህ መድኃኒት ግን የተለካ ነው፤ ለሁለት ሲቆረጥ ሁለቱም ሳይጠበቁ ይቀራሉ። መንታው ሙሉውን ይውሰዱ፣ አባባ ደግሞ ሄደው እውነተኛ ዕድሜያቸውን ይናገሩና የራሳቸውን ያግኙ። ስለ ቢሮው በኋላ እናስባለን።

ቴአትር ቤቱ ደወልኩ፤ ጠራ ጠራ፣ የሚያነሳ የለም። ሰኞ መሆኑን ረስቼ ነው።

ይህን የጻፍኩልሽን ለመንታው አንብቢላቸው። ካልሰሙሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ።

እታለምሽ


ታኅሣሥ 1

ለእታለም፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። መቀሱን መደበቅ አላስፈለገም። ግን ስለላክሽው እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ልጽፍልሽ እችላለሁ፤ አባባ ራሳቸው «ጻፊላት፣ ምንም አታስቀሪ» ብለውኛል። ኅዳር 15 ነው። እኔ አልነበርኩም፤ ጎረቤቶች ናቸው የነገሩኝ። መንታው ደጃፍ ላይ የአንዲት ደንበኛ ጃንጥላ ጠግነው፣ ይሠራ እንደሆነ ከፍተው አሳይተዋታል። «እሺ፣ ይዝጉልኝ» አለቻቸው። አልዘጉትም። ጃንጥላውን ከፍተው እንደያዙ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን በአንድ በኩል ብቻ ነበር። ደንበኛዋ መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ወረደ፣ ጃንጥላው መንገድ ላይ ተንከባለለ። ጎረቤት ነው ተሸክሞ ያደረሳቸው። ቶሎ በመድረሳቸው ነው የተረፉት ተባለ።

አልጋቸው ጋ የመጣችው ያቺው ሐሙስ ያየቻቸው ዶክተር ናት። «መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ወስደዋል?» አለች። መንታው ቃል የላቸውም። ግራ እጃቸውን አወጡና ሌባ ጣታቸውን አሳዩዋት፤ ከዚያ ጣቱን መሐሉ ላይ አጠፉት። ግማሽ ማለታቸው ነው። እሷ አልገባትም። አባባ ገብቷቸዋል፣ ወለሉን ያያሉ። እኔም ገብቶኛል። እታለም፣ ቃሉ ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ አንድ ላይ ሊወጣ ሲል ተጨናንቆ ቀረ። ከሥራ በቀጥታ ነበር የመጣሁትና መቀሱ በሽርጤ ኪስ ውስጥ አለ። አውጥቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩት።

ዶክተሯ መቀሱን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ የአባባን እጅጌ ይዤ ሳብኳቸው። እንደዚያ ስቤያቸው አላውቅም። አልጋው ራስጌ ላይ፣ ከወንድማቸው ጎን አስቀመጥኳቸው። ፊት ለፊት።

አንዱ አፉ የተጣመመ፣ አንዱ ያልተጣመመ፣ አንድ ፊት።

ዶክተሯ ወደ አባባ ዞረች። «እርስዎስ ልብዎን ታይተው ያውቃሉ?» አለቻቸው። አባባ ካርዳቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። አነበበችና አልጋው ላይ የተንጠለጠለውን አየች፣ ደግሞ ካርዱን አየች። ወደ መንታው ዞራ «ታናሽዎ ናቸው?» አለቻቸው፣ በጣም በትሕትና።

መንታው ሳቁ። ከታመሙ የመጀመሪያቸው ነው። ሳቁ በአንድ በኩል የሚወጣ፣ የሚያፏጭ ሳቅ ነው። ከሳቁ ውስጥ ቃል መጣ። «መ... መን...» አሉ። ዐይናቸው እንባ ሞላ። «መንታ።»

ተመልሳ የመጣች የመጀመሪያዋ ቃል እሷ ናት። ስፌት የሚሰፋ ሰው የጠፋች መርፌ ከምንጣፍ ውስጥ ሲያገኝ እንደሚሆነው ሁሉም ሰው ትንፋሹን ያዘ።

አባባ የወንድማቸውን የወደቀ እጅ አነሱና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «እኔ ነኝ ቀድሜ የወጣሁት» አሉ። «ሰባ አምስት ዓመቴ ነው። ሰባ አምስት ሞልቶኛል። የጎደለው ወረቀቱ ነው።»

ትቆጣቸዋለች ብዬ ነበር። ዶክተሯ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ስንት ሰው ዕድሜውን ሲቀንስ አይቻለሁ» አለች። «ለሚስት የሚቀንስ አለ፣ ለሥራ የሚቀንስ አለ። ልብ ግን እያንዳንዱን ዓመት ውስጡ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ለእሱ የሚቀነስለት የለም።» ከዚያ የአባባን ደም እንዲመረምሩ አዘዘችና የራሳቸውን ኪኒን ጻፈችላቸው። ሙሉውን።

አባባ ሲወጡ መቀሱን አንሥተው ለእኔ ሰጡኝ። «ለጨርቅ ብቻ» አሉ።

የምጠይቅሽ ሦስት ነገር አለኝ። በተለየ ወረቀት ጽፌዋለሁ። አንደኛውን ለመጻፍ ከብዶኝ ነበር።

እህትሽ


ታኅሣሥ 14

ጥላዬ፣

ከከበደሽ እጀምራለሁ። አይደለም፣ የታመሙት በአንቺ አይደለም። ሰው ሲዋደድ አይቶ መደነቅ ጥፋት አይደለም። ሙሉውን ኪኒን ወስደው ቢሆን ኖሮ አይመጣም ነበር ብዬም ልምልልሽ አልችልም፤ መድኃኒቱ አደጋውን በብዙ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ልምልልሽ የምችለው አንድ ነገር ነው። አንቺ ያንን እጅጌ ባትስቢ ኖሮ ሁለተኛው ጃንጥላም ይወድቅ ነበር።

ለሁለተኛው፣ ብዙዎች ንግግራቸው ይመለስላቸዋል፤ አንዳንዱ ቃል ቶሎ፣ አንዳንዱ ቀስ ብሎ። አብረሽ አውሪያቸው። አዎ፣ አንቺ። ሁለታችሁም ቃል የሚቸግራችሁ ሰዎች ናችሁና አትቸኳኮሉም።

ሦስተኛው፣ የልባቸው ምት አይስተካከልም። ኪኒኑ ደሙ እንዳይተኛ ነው የሚያደርገው፤ መርገብገቡ ይቀጥላል። ማዳመጫዬን በዚህ ጥቅል ልኬልሻለሁ። አሮጌው ነው፤ አዲስ ተሰጥቶኛል።

ያየሁትን ልንገርሽና ላብቃ። ባለፈው ሳምንት የአንዲት አሮጊትን ልብ በአልትራሳውንድ አሳዩን። የነገርኩሽን ኪስ በዐይኔ አየሁት፤ ትንሽ፣ የታጠፈ፣ በሩ ላይ ጆሮውን አስጠግቶ የሚሰማ ሰው ይመስላል። አስተማሪያችን ስለ ነጥቡ ያስረዳል፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። ይቺ ልብ እናቷ ሆድ ውስጥ ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ አንድም ቀን አርፋ አታውቅም፤ አሮጊቷ ስትተኛም፣ ስትወልድም፣ ስትቀብርም። ከዚያ በኋላ ስትደክም ድካሟን ነጥብ እንለዋለን። አስተማሪያችን እንዳያየኝ አንገቴን ደፋሁ።

የቢሮውን ጉዳይ ጻፊልኝ። ምንም ቢሆን።

እታለምሽ


ጥር 20

ለእታለም፣

ሰላምታ ከሦስታችን። መንታው የራሳቸውን ሰላምታ በግራ እጃቸው ጽፈውልሻል፤ ከታች ያለው ጃንጥላ የሚመስለው እሱ ነው።

ለቢሮው የነገሩት ራሳቸው ናቸው። ማንም አልገፋቸውም። ኮታቸውን ለብሰው ሥራ አስኪያጁ ክፍል ገቡ፤ እኔ ከበሩ ውጭ ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ የሥራ አስኪያጁ ሳቅ መጣ። «እኔ እኮ በስድሳ አራትዎ ያንን ሁሉ ደረጃ ሲወጡ ሳይ እቀና ነበር!» አላቸው። «አሁን ደግሞ ምን ልሁን?» ከዚያ ሳቁን ተወ። ደንብ ደንብ ነው፤ ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ገመድ ላይ ሊያቆይ አይችልም። አንድ ምሽት ሰጣቸው። «መጋረጃውን ከፍተው ይዝጉልንና ይሂዱ» አላቸው።

አባባ ሲወጡ ፊታቸውን ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን «አሥራ አንድ ዓመት ተሸክሞ መሰላል መውጣት ከባድ ነበር፤ አሁን ገና ታወቀኝ» አሉ።

ምሽቱን ልንገርሽ። መጋረጃው ሁለት ክንፍ፣ ሁለት ገመድ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ አባባ ሁልጊዜ ሁለቱንም በሁለት እጃቸው ነው የሚስቡት። በዚያ ምሽት መንታውን ደግፈን አስገባናቸው። የሚዘጋበት ሰዓት ሲደርስ አባባ የግራውን ገመድ ለወንድማቸው ሰጡ። «በግራ እጅህ» አሉ። «ስል ሳብ።»

«በ... በድሜ ከኔ ታንሳለህ፣ አት... አትዘዘኝ» አሉ መንታው። ይህን ያህል ረጅም ነገር ከተናገሩ ወራት አልፏቸዋል።

ሳቡ። የአባባ ክንፍ ቀድሞ መሐል ደረሰና ቆመ። የመንታው ክንፍ ግን ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይርገበገባል፣ ደግሞ ይመጣል። ተመልካቹ ማጨብጨቡን አቁሞ ያያል። መሐል ላይ የቀረው ክፍተት ትንሽ ናት፣ ሰው በጎን የሚያልፍባት ያህል፤ በእሷ በኩል ብርሃኑ እግሬ ድረስ ይገባል። ማንም አላገዛቸውም። አባባም አላገዙም፤ ጠበቁ። ከዚያ ሁለቱ ክንፎች ገጠሙ። ጭብጨባው ከመጋረጃው ወዲያ ሲመጣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ለማን እንዳጨበጨቡ እነሱ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ።

አሁን አባባ ደጃፍ ላይ ናቸው። የጃንጥላ ሽቦ በእሳቸው እጅ ነው የሚጠመዘዘው፤ መንታው ያዝዛሉ። ጠዋትና ማታ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኪኒን ይቀመጣል። መጀመሪያ ቀን አባባ ሙሉውን ምላሳቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «ምነው?» አልኳቸው። ውኃ ጠጡና «ሙሉ ሲሆን ይከብዳል» አሉ። «ሁሉን ነገር ከሰው ጋር ስካፈል ነው የኖርኩት፤ ጉሮሮዬ ሙሉ ነገር አልለመደም።» መንታው ጠረጴዛውን በግራ እጃቸው መቱ፤ ዋጥ ማለታቸው ነው። አብረው ዋጡ።

ማዳመጫሽ ደርሶኛል። ትናንት ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸውና አንዱን ሰማሁ፣ ሌላውን ሰማሁ። እንዳልሽው አልተስተካከለም። ያው የኮቴ ሩጫ፣ ያው ዝምታ፣ ያው ሊጀመር ነው ማለት። ዐይኔን ጨፍኜ ብዙ ቆየሁ። ይህን ሁሉ ዓመት እየሮጡ እዚህ ጠረጴዛ ድረስ መጡ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እሑድ ደውዪ። አነሳለሁ። ቃል ከጠፋኝ እንዳትዘጊው፤ ስልኩን መጀመሪያ አንደኛው ደረት ላይ፣ ቀጥሎ ሌላኛው ደረት ላይ አደርግልሻለሁ። የትኛው የአባባ፣ የትኛው የመንታው እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ። እኔ መለየት አልቻልኩም።

ጥላሽ